አንደኛ የወጣው ዘይት

መስከረም 14

ዝናቡ አባራ። ወገቤ አላባራም።

የልጅ ልጄ የሥራ ጠረጴዛዬን ወረሰችው። አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት ማሽን ሆድ ዕቃ የተዘረገፈበት ጠረጴዛ... ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ተጎልቶበታል። ካቻቢቴዎቼን በጫማ ካርቶን ከትታ አልጋዬ ሥር ገፋቻቸው።

«አባባ፣ ሱቁን ከዘጋህ ሁለት ዓመት ሆነህ። ምን ይሠሩልሃል?»

«ጥርሴን እጎረጉርባቸዋለሁ።»

«የትኛውን ጥርስ?»

ማንን ትወጣ ታዲያ?

ከቢሮ ሥራዋ ከቀነሷት ስምንት ወሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታ ሳሎን ትቀመጣለች። ሥራ ገባሁ ማለቷ ነው። ሲያዩት ያሳዝናል። እኔ ግን «አረፈድሽ፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር?» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት? ማጽናናት አልችልበትም።

መስከረም 19

የጥገና ደብተሮቼን አገኘቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው። የመጣውን ማሽን ሁሉ በሽታውንና መድኃኒቱን የጻፍኩባቸው። ዘይት ነክቷቸው ገጾቹ ብርሃን ያሳልፋሉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሀብት ነው!» አለች።

ብሎግ እንክፈት ነው ነገሩ። ብሎግ ምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ሳይ ነው የምውለው፤ ግን ስታስረዳኝ ደስ ስለሚለኝ አላውቅም አልኩ። ሃያ ደቂቃ አስረዳችኝ። በመጨረሻ «እንግዲህ ጎረቤት ሁሉ የሚያነበው ደብተር በይኛ» አልኳት። ተናደደች። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ሰው ብሎጋችንን ያነባል፣ ያምነናል፣ ከዚያ መርፌውን፣ ቺንጋውን፣ የማሽን ዘይቱን ከእኛ ያዛል። መልእክተኛ ቤቱ ያደርስለታል። በር የሌለው ሱቅ።

ጥቅምት 3

ብሎጉ ከተከፈተ ሳምንቱ። ስሙ «ባለሙያው አባባ»። ፎቶዬ ጥግ ላይ አለ። ሃያ ጊዜ አንስታኝ የመረጠችው ስስቅ ያነሳችውን ነው። «እምነት የሚጣልበት ፊት ነው» አለች። አያትሽ ሳታገባኝ በፊት እንደዚህ ብላ ነበር፣ አልኳት።

በሳምንት ዘጠኝ አንባቢ። አራቱ ዘመድ ነው።

ጥቅምት 11

«ማንም አያገኘንም» ብላ ራሷን ይዛ ተቀምጣለች።

ሰው ጥያቄውን ፍለጋው ላይ ይጽፋል። ፍለጋው ደግሞ መልስ አላቸው ያላቸውን ገጾች በተራ ይደረድራል። እኛ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነን።

«እስከ ሰባተኛው የሚዘልቅ ሰው አለ?»

«እስከ ሁለተኛውም የሚዘልቅ የለም፣ አባባ።»

የጻፍነውን አነበብኩት። ርዕሱ «የታችኛው ክር ውጥረት መዛባትና ማስተካከያው» ይላል። እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኩት፤ የተማርኩ ልምሰል ብዬ። አርባ ዓመት ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ውጥረት ተዛባብኝ» ያለኝ ደንበኛ አለ? የለም። ምን ነበር የሚሉት? «ማሽኔ ክር ይበላል።» «ማሽኔ ይዘላል።» «ማሽኔ ያስላል።» «ማሽኔ አኩርፏል።» አንዷማ «ማሽኔ አማቴን መሰለ፣ ይጮኻል እንጂ አይሠራም» ብላኛለች።

ይህንን ስነግራት ቀና አለች። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። መተየብ ጀመረች። እስከ ምሳ ድረስ እኔ የደንበኞቼን ድምፅ እያስመሰልኩ ሳወራ፣ እሷ ስትጽፍ ቆየን። የሚያነክሰውን ልብስ ሰፊ፣ የምትኮላተፈውን ሙሽራ፣ ሁሉንም ሆንኩላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ርዕሶቹን ሁሉ ቀየርናቸው። «ማሽኔ ክር ይበላል፣ ምን ላድርግ?»

ጥቅምት 27

ከሰባተኛ ገጽ ወደ ሁለተኛ! «ክር ይበላል» የምትለዋ ደግሞ አንደኛው ገጽ ላይ፣ አራተኛ ተራ። ሦስት ሰው መርፌ አዘዘ። አንዱ ዘመድ አይደለም።

ልጅቷ ወገቤን አቅፋ አሽከረከረችኝ። ወገቤን ረሳችው።

ኅዳር 8

ሌላ ጭንቅ ደግሞ መጣ። ከጽሑፉ ሥር አስተያየት የሚጽፍ የለም። ገጹ ሰው የሚያወራበት ካልሆነ የሞተ ይመስላል አለች።

እኔ አያቷ እያለሁ?

ስልኬን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። ስሜን «ግራ የገባት ሰፊ» ብዬ፣ «ጋሼ ባለሙያው፣ ማሽኔ ሰኞ ሰኞ አይሰፋም፣ ማክሰኞ ግን ደህና ነው፣ ምን ይሻላል?» ብዬ ጻፍኩ። ወጥቼ ሶፋ ላይ ጋዜጣ ያዝኩ። ትንሽ ቆይታ ፊቷ በራ። በስሜ መለሰችላት፦ «ውድ እህት፣ እሑድ ማሽንዎን ሳይሸፍኑት ስለሚያሳድሩት አቧራ ገብቶበት ይሆናል...»

በሳቅ ትን አለኝ። ውሃ አመጣችልኝ። «ምነው?» «ጋዜጣው ነው።»

ኅዳር 15

ግራ የገባት ሰፊ ስድስተኛ አስተያየቷን ሰጠች። እስካሁን ልጅቷ አልነቃችም። ይገርማል... ልጄ፣ አባቷ፣ በሞት ከተለየን ጀምሮ እኮ ሱቄ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው ያሳደግኳት። ዛሬ ማጥመጃውን ከፍ አደረግኩት።

«የማሽን ዘይት ሲያልቅብኝ የምግብ ዘይት በሻይ ማንኪያ አንቆረቆርኩበት። እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው! ይህንን ምክር ለምን ደበቃችሁን?»

ይህማ አያልፋትም። ሱቄ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የምለው ነገር ነበር፤ ማሽን ይጠጣል እንጂ አይበላም። የምግብ ዘይት መጀመሪያ ያታልላል። ይለሰልሳል፣ ድምፅ ይቀንሳል። ከዚያ እያደር ይረጋል፣ ይከርራል፣ እንደ ሙጫ ይሆንና ብረትን ከብረት ያጣብቃል። በስድስት ዓመቷ ታውቀው ነበር። «ይሄ ማነው ደደብ!» ብላ ትነሳለች፤ እኔም «አያትሽ» እላታለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

መለሰች፦ «ልምድዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን!»

ኅዳር 16

ጠበቅኩ። ምንም።

ልንገራት? መንገር ነበረብኝ። ግን ከፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተናገርኩት ጆሮዋ ውስጥ አልቀረም? ራሷ ታግኘው ብዬ ተውኩት። ነገ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 5

ብሎግ በሳምንት አራት አዲስ ጽሑፍ ካልበላ ይከሳል አለች። የኔ ደብተር ደግሞ አልቋል። አንድ ጸሐፊ ቀጠረች። የት እንዳለ አይታወቅም፣ በስልክ ነው የሚሠራው። መርፌ ይዞ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ምን ብሎ ይጽፋል ታዲያ?» አልኳት። «አንባቢ ከጠየቀውና ከተናገረው እየለቀመ። ሰው የሚፈልገው እሱን ነው፣ አንተው እኮ ነህ ያስተማርከኝ።»

እውነቷን ነው። ኮራሁ ደግሞ።

ጥር 12

አንደኛ ወጣን! አንደኛው ገጽ፣ አንደኛው ተራ። ልጅቷ እየጮኸች ከክፍሏ ወጣች። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ነው፤ መልእክተኛው ከሰዓት ሁለቴ መጣ።

የትኛው ጽሑፍ ነው? አልጠየቅኩም። ሰው ሲመሰገን ዝርዝር አይጠይቅም።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። እኩያዬ ነው፣ አርባ ዓመት አጠገብ ለአጠገብ የሠራን። ስልኩን አውጥቶ ፎቶዬን ለደንበኞቹ አሳየ። «ይኸው፣ ይህ ሽማግሌ በቁሙ አገር ምድሩን ያስተምራል። ከእኔ ወስዶ ያልመለሰውን መቀስ ግን አልጻፈውም።» «እሱ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ነው» አልኩት። ሳቁ። አንድ ወጣት ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሱቄን በዘጋሁ ጊዜ የተዘጋሁት እኔ ነበርኩ መሰለኝ።

የካቲት 9

 

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሁለት መንገድ አልፎ ያለችው የዩኒፎርም ሰፊ ናት። ማሽኗን ሃያ ዓመት አድሼላታለሁ፤ ጥቁር፣ ወፍራም ብረት፣ እናቷ ያወረሰቻት። በጋሪ አስጭና አምጥታዋለች።

«ጋሼ፣ ቆመብኝ።»

ጎማውን ለማዞር ሞከርኩ። ድንጋይ። ክዳኑን ከፈትኩት። ሽታው መታኝ... የቆየ መጥበሻ። ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሙጫ ለብሷል።

«ምን አደረግሽበት?»

ግራ ገባት። «እርስዎ ያሉትን ነዋ።»

«እኔ?»

ስልኳን አወጣች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ፎቶዬ አለ። እየሳቅኩ ነው። ከፎቶው አጠገብ፦ «ማሽንዎን በምግብ ዘይት ለማለስለስ አምስት ቀላል ዘዴዎች — ከአርባ ዓመት ባለሙያ።»

«መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፣ ጋሼ። እንደ ቅቤ። ከዚያ ከበድ ሲል ጨመርኩበት። ‹ከከበደ ይጨምሩ› ይላል፣ አራተኛው ላይ። ትናንት ሲያስቸግረኝ በኃይል ገፋሁት፣ ቀጭ አለ።»

«ለምን እኔ ዘንድ አልመጣሽም? ሁለት መንገድ እኮ ነው!»

«እጅዎ አይታዘዝልዎትም ሲሉ ሰምቼ... ላለማስቸገር ብዬ ነው። ደግሞም ፎቶዎን ሳይ፣ እሳቸው ካሉማ ብዬ።»

ለትምህርት ቤቱ መቶ ሃያ ዩኒፎርም ልታስረክብ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል።

ነገሩ ከኔ ቀልድ መምጣቱን አልነገርኳትም። «ተይው፣ አየዋለሁ» ብቻ አልኩ።

የካቲት 10

ለልጅቷ ነገርኳት። ግራ የገባት ሰፊ እኔ ነኝ፣ አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። እንደ ሌላው ቀልዴ መስሏት። ከዚያ የዘይቱን ነገር ስነግራት ላፕቶፑን ከፈተች፣ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች። ፊቷ እየነጣ ሄደ። ጸሐፊው የግራ የገባት ሰፊን አስተያየት ለቅሞ፣ በአምስት ከፍሎ፣ በስሜ ጽፎታል። አንደኛ ያወጣንም ያ ነው። የማሽን ዘይት ያለቀበት ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው ለካ... «የምግብ ዘይት ባደርግበትስ?»

«አንሺው» አልኳት።

«እስቲ ላስብበት፣ አባባ።»

የካቲት 12

ተጣላን።

እሷ፦ ከአሥር ሰው ስምንቱ የሚገባው በዚያ ገጽ ነው። እሱን ካነሳሁ ሌላው ሁሉ ይወድቃል። እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ፣ ሌላ ገጽ ከፍ ላድርግና በቀስታ እናነሳዋለን።

እኔ፦ እስከ ወር መጨረሻ ስንት ማሽን?

እሷ፦ ከታች ማስጠንቀቂያ ጨምሬበታለሁ።

እኔ፦ እስከ ታች የሚያነብ እንደሌለ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ያኔ ነው የፈነዳችው። «ማነው የጻፈው? ማነው! ሃያ ሰባት ዓመት ስትቀልድብኝ ኖርክ። አባቴ የሞተ ቀን እንኳ ቀልደህ ነው ያስተኛኸኝ። የቱ ቀልድ፣ የቱ ምክር እንደሆነ በምን ልለይልህ?»

 

በሩን ዘጋችው። ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች መሰለኝ፤ የተረከዙ ድምፅ ተሰማኝ።

የካቲት 16

ራሴው ላርመው አልኩ። በስልኬ፣ በትክክለኛ ስሜ፣ ከጽሑፉ ሥር፦ «ይህ ውሸት ነው። ዘይቱ ማሽናችሁን ያደርቀዋል። ባለሙያው አባባ እኔ ነኝ፣ እንዲህ አላልኩም። ማለት... ለቀልድ ብያለሁ። አትስሙኝ።»

ከሰዓት በኋላ መልስ መጣልኝ። ከባለሙያው አባባ።

«ውድ አንባቢ፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። በአርባ ዓመት ልምዴ ይህ ዘዴ ውጤታማ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እባክዎ በሌላ ሰው ስም አይጻፉ።»

ያ ጸሐፊ ነው። ከሥሩም ሦስት ሰው አጨበጨበለት። አንዷ «ጋሼን አትንኩብን!» ትላለች።

ደግሜ ጻፍኩ። አስተያየቴ ተሰረዘ። ሌላ እንዳልጽፍም ታገድኩ።

መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አየሁት። ከኔና ከሱ ማን ይታመናል? ፎቶ ያለው እሱ ነው።

የካቲት 21

ሰፊዋ ቤት ሦስተኛ ቀኔ። ማሽኑን መልሼ ወስጄ እዚያው ፈታሁት፤ በዓይኗ ፊት ልሥራው ብዬ። አንድ ክፍል ናት። የዩኒፎርሙ ጨርቅ አልጋውን ሞልቶ ወንበሩ ላይ ፈስሷል። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች። በእጅ! መቶ ሃያ ዩኒፎርም።

እያንዳንዱን ብሎን በላምባ እዘፈዝፋለሁ፣ በጥርስ ብሩሽ እፍቃለሁ። ሙጫው በጥፍር ካልሆነ አይለቅም። ትንሿ ብሎን ሁለቴ ከእጄ አመለጠች። ሁለቴም እሷ ከወለሉ ለቅማ ሰጠችኝ።

ዛሬ ነገርኳት። ቀልዱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሁሉንም።

መርፌዋን አላቆመችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እኔን አስበው ነበር ሲጽፉት?»

«ማንንም አላሰብኩም።»

«እሱን ነው የምለው» አለች።

መጋቢት 2

መንጠቆውን አገኘሁት። የታችኛውን ክር የሚይዘው፣ ጫፉ ሹል መሆን ያለበት። ማሽኑ ደርቆ እያለ በኃይል ስትገፋው መርፌው ታጥፎ መትቶታል። ጫፉ ተሸርፏል። ያኔ ነው ቀጭ ያለው። የዚህ ዓይነት መንጠቆ ከተመረተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። መንጠቆ ካለ በኢንተርኔት ፈልጊልኝ ብዬ ነው ያታለልኳት። ወይስ አላታለልኳትም? መንጠቆው በእርግጥ ያስፈልጋል።

በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሰፊዋ ቀና አላለችም። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ሁለት ቦታ ደም ነክቶ በሳሙና ታሽቷል።

«ቡቱቶ ቤት ነው፣ ግቢ» አለቻት ሰፊዋ። «አንቺ ነሽ የምትጽፊው?»

«...አዎ።»

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ወዲያው ነው የገባኝ።»



መጋቢት 3

ጠዋት ገጹ የለም። ጸሐፊውንም አሰናብታለች። «አነሳሁት» አለች ብቻ። አንድ ቃል አልቀለድኩም።

መጋቢት 8

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ለካ ጽሑፉን ሰባት ብሎግ ቀድቶታል። ከነፎቶዬ፣ ከነአርባ ዓመቴ። እኛ ስናነሳው ፍለጋው ከነሱ አንዱን አንደኛ ላይ አስቀመጠው። ለሁሉም ጻፈችላቸው። አንዱ መለሰ፦ ጽሑፉ ለአንባቢ ጠቃሚ ስለሆነ አናነሳውም።

ትእዛዝ ከሳምንት ወዲህ ሁለት ብቻ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው።

መጋቢት 26

ማሽኑ ሠራ። መንጠቆውን በደቃቅ ሞረድ ስስለው፣ በቆዳ ሳለሰልሰው አሥር ቀን ፈጀብኝ። ክር አስገባን። ረገጠችው። ሄደ! ድምፁ የድሮው ነው... ከዚያ አንዲት ስፌት ዘለለ። ጥቂት ሄዶ፣ ደግሞ ዘለለ። ከሃያ ስፌት አንዷን። ከዚህ በላይ አልስለውም፣ ያልቃል።

ጨርቁን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ለኪስ ይሆናል፣ ለትከሻ አይሆንም። ልጆች ይጎትቱታል፣ ይተረተራል።

ለትምህርት ቤቱ ሠላሳ አራት ዩኒፎርም ብቻ ነው ያደረሰችለት። የቀረውን ለሌላ ሰጥተውታል። የሚቀጥለውን ዓመትም።

«አንድ ነገር ልበልዎት፣ ጋሼ?»

«በይኝ።»

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ከማን እንደመጣ ይታወቃል።»

ሚያዝያ 14

ከልጅቷ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። የኔ ወንበርና የሷ ወንበር፣ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን። አዲስ ገጽ እንጻፍ አልኳት። የሳቱት ምን ብለው ይጠይቃሉ? «የምግብ ዘይት አድርጌ ማሽኔ ተቆለፈ» ይላሉ። በነሱ ቃል እንጻፈው። በኃይል እንዳይገፉት፣ ላምባውን፣ ብሩሹን፣ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ ሁሉንም።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ፦ «ይህን ውሸት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር። የአንዲት ሴት እንጀራ ተዘግቷል።»

እጇ ቆመ። «ይህንን ካነበበ በኋላ ማን ከእኛ ይገዛል?»

«ማንም።»

«‹ቀልድ ነበር› የሚለውን ላውጣው?» አለችኝ። «ለምን?» «ማመካኛ ይመስላል።»

አወጣችው።

ግንቦት 9

ትእዛዝ የለም። መልእክተኛው መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ታመሙ እንዴ?» አለኝ።

ግንቦት 20

ፀጉር አስተካካዩ ዝም ብሎ ቆረጠኝ። አልቀለደም። እንደ በሽተኛ ነው የያዘኝ። ስወጣ «ሁሉም ሰው ይሳሳታል» አለ። ስለ መቀሱ ቢያነሳብኝ ምን ነበረበት?

ሰኔ 4

ልጅቷ ሥራ ካገኘች ሳምንቷ። የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትቆጥራለች። ምሽት ላይ ደክሟት ትመጣለች። ብሎጉን ለኔ ትታልኛለች። የሚጠይቀኝን ሰው ራሴው በአንድ ጣት እየተየብኩ እመልሳለሁ። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሰው። ሁሉም ዘይቱን ያደረጉ ናቸው። ሁለቱ ማሽናቸው ተላቅቆላቸዋል። አንዱ ሰድቦኛል፤ በስሙ ነው የሰደበኝ፣ አመሰገንኩት።

ሰፊዋን ከትናንት ወዲያ መንገድ ላይ አገኘኋት። ዚፕ ትቀይራለች፣ ጫፍ ታጥፋለች አሉ አሁን። «እንዴት ዋልሽ?» አልኩ። «ደህና፣ ጋሼ» አለች። በፊት ብትሆን ትቆም ነበር። ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ፣ ስለ ማሽኗ ሳል ታወራኝ ነበር። አለፈች።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት ስልኳን ይዛ መጣች። «አባባ፣ እየው፣ ገጻችን ከፍ ብሏል። ሁለተኛ ወጥተናል።» በስልኩ ላይ ጎንበስ አልን። እውነት ነው። የጻፍነው፣ ያለ ማመካኛው፣ ሁለተኛ ተራ ላይ።

ከላዩ ያለውን ሳታሳየኝ ስልኩን ልትዘጋ ነበር። እጇን ያዝኩት።

አንደኛው አሁንም ከነዘይቱ እኔው ነኝ። እየሳቅኩ።